ድሬዎች፣ ትንበያው ሲነበብ «ምስራቅ ሐረርጌ» የሚለውን ስሙ

ትናንት ማታ ከእማዬ ጋር በስልክ እያወራን መሃል ላይ ዝም አለች። ኔትወርኩ ነው ብዬ «ሄሎ ሄሎ» ስል «ቆይ አለሁ፣ ደንገጎን እያየሁ ነው» አለችኝ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ እሷ ድሬ ናት። ደንገጎ ለማያውቅ ሰው ከድሬ ወደ ሐረር ስትሄዱ መንገዱ እየተጠማዘዘ የሚወጣው ተራራ ነው፣ እማዬ ደግሞ ክረምት ከገባ ጀምሮ ማታ ማታ እራት ከበላች በኋላ በር ላይ ወጥታ ወደዛ ሳታይ አትተኛም። ብልጭ ይላል ግን ድምፅ የለውም። ሩቅ ስለሆነ ነጎድጓዱ ድሬ አይደርስም፣ ብርሃኑ ብቻ ነው ከደመናው ጀርባ ሰው ባትሪ እያበራ የሚያጠፋ ይመስል ቦግ እልም የሚለው። ድሬ ላይ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሙቀቱ እንዳለ ነው፣ ሰው ምንጣፉን አውጥቶ ደጅ ቁጭ ብሎ ይጫወታል። «ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው» አለችኝ፣ «ወረቀቶቹን አውጥቻለሁ።»

ወረቀቶቹ ማለት የቤቱ ካርታ፣ የአባዬ የጡረታ ደብተር፣ የኔና የወንድሜ የልደት ካርድና የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬት ሳይቀር በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ በክር ታስሮ ያለ ነገር ነው። በጋውን ሳጥን ውስጥ ይውላል፣ ደንገጎ ላይ መብረቅ ሲበዛ ቁምሳጥኑ አናት ላይ ይወጣል፣ እና በሩ ጀርባ ባለው ሚስማር ላይ የተሰቀለ ከሆነ ደግሞ በቃ እማዬ ዛሬ ማታ ልብሷን ለብሳ ነው የምትተኛው ማለት ነው። ትናንት ቁምሳጥን ላይ ነበር።

ይሄን የምጽፈው ሰሞኑን ሰው ሁሉ የአየር ትንበያ ስክሪን ሹት እየተላላከ ስለሆነ ነው። የሰፈራችን ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዱ ለጠፈው፣ ነጎድጓድ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል፣ ቅጽበታዊ ጎርፍ ሊያስከትል ስለሚችል ጥንቃቄ ይደረግ፣ ከዛ የዞኖች ስም ዝርዝር፣ እና ከስር ምን ብለው ጻፉ «ድሬ የለችበትም ተመስገን»። ሦስት አራት ሰው ላይክ አደረገው። እኔ ዝርዝሩን ሳነበው ምስራቅ ሐረርጌ አለበት። ምዕራብ ሐረርጌም አለበት። እዛው ግሩፑ ላይ ልጽፍ ጀመርኩና ረዘመብኝ፣ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው አልኩ።

ደቻቱ ዳር ነው ያደግነው። ደቻቱን በበጋ ያየ ሰው ወንዝ ነው ብትለው አያምንህም፣ ነጭ አሸዋ ነው፣ ሰፊ፣ ሰው ከከዚራ ወደ መጋላ በእግሩ ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ዕቃ ዘርግቶ የሚሸጥበት አለ፣ ግመል ይተኛበታል። በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ቀን ውሃ የለውም። ግን መነሻው ድሬ አይደለም፣ ከላይ ከምስራቅ ሐረርጌ ደጋ ነው። ድሬ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ላይኛው ተራራ ግን ከ2000 ሜትር ያልፋል፣ ርቀቱ ደግሞ ትንሽ ነው፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። እዛ ላይ የወረደ ዝናብ ቁልቁል ሲመጣ የሚያቆመው ነገር የለም፣ ደኑ የለም፣ ተዳፋቱ ድንጋይና የተራቆተ መሬት ነው፣ ቀናት ሳይሆን በሰዓታት ውስጥ ታች ይደርሳል። የኛ ሰው ደራሽ ውሃ ይለዋል። ሳይታሰብ ነው የሚደርሰው፣ አንዳንዴ ፀሐይ ላይ ነው የሚመጣው።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የሆነውን ድሬ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ 11 ዓመቴ ነበር። የማስታውሰው እኛ ሰፈር ዝናቡ ያን ያህል አልነበረም፣ ቆርቆሮውን ጠብ ጠብ የሚያደርግ ነገር ነበር፣ እንዲያውም ቀዝቀዝ አለልን ብለን በሩን ገርበብ አድርገን ነው የተኛነው። የቀሰቀሰን ድምፁ ነው። ውሃ አይመስልም። ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ነው የሚሰማው፣ ከስር፣ መሬቱ ውስጥ ያለ ይመስላል፣ አልጋው በእግሩ በኩል ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዛ ሽታው፣ የእርጥብ አፈርና የእበት ሽታ ቤቱን ሞላው። አባዬ በሩን ሲከፍት ውጪው ጨለማ ነው ግን ጨለማው ይንቀሳቀሳል። እማዬ ወንድሜን አዝላ እኔን በክንዴ ይዛ ከኋላ ባለው በር ወደ ላይኛው መንገድ ወጣን፣ ባዶ እግሬን ነበርኩ። የኛ ቤት ትንሽ ከፍ ስለሚል ውሃው እስከ ጉልበት ነው የገባው። ከኛ በታች ያሉት ግን...

ጠዋት ላይ ጎረቤቶቻችን ቤት አሸዋው እስከ መስኮቱ ደርሶ ነበር። አካፋ አልበቃ ብሎ ሰው በድስት ክዳን፣ በሳፋ፣ በእጁ ነበር የሚቆፍረው። አንዲት ሴትዮ አስታውሳለሁ፣ ሁልጊዜ ጠዋት ሻይ የምትሸጥልን፣ አሸዋው ላይ ተንበርክካ በቴርሞስ ክዳን ነበር የምትዝቀው፣ ሰዎች ሊያነሷት ሲሞክሩ ዝም ብላ ትቀጥላለች። ያን ሌሊት ከ250 በላይ ሰው ነው የሞተው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤት አልባ ሆነ። ያው ከሳምንት በኋላ ደግሞ ነሐሴ ውስጥ ኦሞ ወንዝ ሞልቶ ደቡብ ኦሞ ዳሰነች ላይ ከ350 በላይ ሰው ወሰደ፣ እዛም ነገሩ ያው ነው፣ ዳሰነች ቆላ ነው፣ ወንዙን የሞላው ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ነው።

ለዚህ ነው «ድሬ የለችበትም» የሚለውን ሳነብ ሆዴ የታመመው። ትንበያው አልተሳሳተም እኮ። ዝናቡ ድሬ ላይ አይዘንብም ነው ያለው፣ ልክ ሊሆን ይችላል። እኛ ነን አናታችን ላይ የሚወርደውን ብቻ እየፈለግን የምናነበው። ውሃው ግን የዞን ድንበር አያውቅም። ድሬ ያለ ሰው ዝርዝሩ ሲነበብ ጆሮውን ማቆም ያለበት ምስራቅ ሐረርጌ የሚለው ላይ ነው።

እስቲ ቁጥሩን ደግሞ እንየው፣ ምክንያቱም ሚሊ ሜትር ሲባል ሰው ትንሽ ነገር ይመስለዋል። በኛ ሀገር ትንበያ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ከዘነበ ከባድ ዝናብ ይባላል። 30 ሚሊ ሜትር በማስመሪያ ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው፣ የጣት ግማሽ። ግን 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ ተራራው ላይ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ቦታ ላይ ብቻ 30 ሚሊ ሜትር ዘነበ ብንል 3 ቢሊዮን ሊትር ውሃ ማለት ነው። ድሬ ውሃ በጀሪካን ተሰልፎ የቀዳ ሰው ይገባዋል፣ በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 150 ሚሊዮን ጀሪካን ነው። ሁሉም አይወርድም፣ መሬቱ የሚጠጣው አለ፣ ግን መሬቱ ቀድሞ ከጠገበ ወይም ድንጋይ ከሆነ የሚጠጣው በጣም ትንሽ ነው። እና ያ ሁሉ ውሃ በአንድ አሸዋ መንገድ ነው የሚመጣው።

ክረምቱ ራሱ እንዴት እንደሚሰራ ባጭሩ ልበል። ከሰሜንና ከደቡብ የሚመጡት ነፋሶች የሚገናኙበት ቀጠና ፀሐይዋን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ ከአትላንቲክና ከህንድ ውቅያኖስ እርጥበት ይዞ ይመጣል፣ ያ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ክረምታችን ነው። ከዛ የየቀኑን ነጎድጓድ የሚሰራው የጠዋቱ ፀሐይ ነው። ጠዋት ፏ ብሎ ከዋለ መሬቱ ይሞቃል፣ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ተራራ ሲያገኝ ደግሞ ተራራው እየገፋ የበለጠ ያወጣዋል፣ ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ደመናው እንደ ጥጥ ክምር ይቆለላል፣ ከቀኑ 8 ሰዓት 9 ሰዓት ላይ ይጠቁራል፣ ከዛ በረዶውም መብረቁም ይመጣል። ስለዚህ ጠዋት የጠራ ሰማይ ክረምት ላይ ማስረጃ አይሆንም፣ እንዲያውም ጠዋት በጣም ከሞቀ ከሰዓቱን የበለጠ ነው የምጠረጥረው።

ሌላው ሰው የሚያደባልቀው ነገር የወቅቱን ትንበያና የዕለቱን ነው። በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት ናይሮቢ አጠገብ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል፣ ኢክፓክ የሚባለው፣ ለምስራቅ አፍሪካ በሙሉ ትንበያ ያወጣል፣ የኛም የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት (ድሮ ኤጀንሲ የነበረው) የሀገሩን ያወጣል። ካርታው ላይ አረንጓዴ ከታየ ሰው «ዘንድሮ ጎርፍ ነው» ይላል፣ ቢጫ ከሆነ «ድርቅ ነው»። እንደዛ አይደለም። ያለፉት 30 ዓመታት ክረምቶች ይወሰዱና በሦስት ይከፈላሉ፣ ብዙ የዘነበባቸው አስሩ፣ መካከለኛዎቹ አስሩ፣ ያነሰባቸው አስሩ። «ከመደበኛ በላይ» ማለት ዘንድሮ ከመጀመሪያዎቹ አስሮች ጋር የመመደብ ዕድሉ ከሌሎቹ ይበልጣል ማለት ነው እንጂ እገሌ ቀን እገሌ ወንዝ ይሞላል ማለት አይደለም። ለገበሬው ግን ወርቅ ነው፣ ምን እንደሚዘራ ያቅድበታል። ኤልኒኖ የመጣ ዓመት ክረምቱ በሰሜኑና በመሃሉ ይቀንሳል፣ 2007ን የማይረሳ አለ? በሚቀጥለው ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው የእህል እርዳታ የፈለገው።

ደግሞ በዓመቱ አጠቃላይ ዝናቡ ዝቅተኛ ሆኖ አንድ ማታ ግን ሊገልህ ይችላል። ለዛ የወቅቱ ትንበያ አይረዳህም። የአስር ቀኑን ማየት ነው፣ እሱ መሬቱ ምን ያህል እንደጠገበ ይነግርሃል፣ ከዛ የዕለቱን። ሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን አስቡት፣ ዝናቡ መሬቱን ቀን በቀን አጠገበው አጠገበው ከዛ ተራራው ተናደ፣ የመጀመሪያው ናዳ ቤተሰቦችን ቀበረ፣ ሊያወጧቸው የሮጡትን ደግሞ ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው፣ ከ200 በላይ ሰው። ያን ቪዲዮ ሳይ የቴርሞስ ክዳኗ ሴትዮ ናት ትዝ ያለችኝ። እዛም በእጃቸው ነበር የሚቆፍሩት።

አዲስ አበባም ከመጣሁ በኋላ ያው ነገር ነው ያየሁት። ቀበና አካባቢ ተከራይቼ ስኖር ወንዙ ከእንጦጦ ነው የሚመጣው፣ ታች ፀሐይ እያለ እንጦጦ ላይ ጥቁር ከሆነ ወንዙ በደቂቃዎች ውስጥ ቡና ቀለም ሆኖ ይነሳል፣ የላስቲክ ጠርሙሱን ጎማውን ምኑን እየገፋ። ነሐሴ 2013 ላይ እዚሁ ከተማ ውስጥ ሰባት ሰው ነው ጎርፍ የወሰደው። አዲስ አበባ ላይ ወንዝ ዳር የምትኖሩ፣ ያላችሁበትን ሳይሆን እንጦጦን እዩ። እና ከሀገር ውጪም ቢሆን ያው ነው፣ በ2012 ጳጉሜ ሊገባ ሲል ካርቱም ላይ አባይ በመቶ ዓመት ታይቶ የማያውቅ ከፍታ ደርሶ ሱዳን የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አውጃለች፣ ካርቱም ላይ ስለዘነበ ሳይሆን በዋናነት የኛ ደጋ ላይ ስለዘነበ ነው። ያኔ አዋሽም አፋር ላይ ሞልቶ ሰው ከቤቱ ወጥቷል። «ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት» እንላለን አይደል፣ የካርቱሙ የሆነው ግን ቡሄ ካለፈ በኋላ ነው። ድሬ ላይ ደግሞ በልግም አይታመንም፣ ሚያዝያ 2012 ላይም ጎርፍ ሰው ወስዷል።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ለኔ ከአፑም ከካርታውም በላይ የሚያስተማምነኝ። እማዬ ጫት የምትሸጥ ጓደኛ አለቻት፣ የሴትዮዋ እህት ደንገጎ ላይ ነው የምትኖረው። ሁለቱ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይደዋወላሉ፣ ለንግዱ ነው፣ ዋጋ ስንት ገባ፣ መኪናው ወጣ ወይ። ዝናብ ሲሆን ያቺኛዋ ትጨምርበታለች፣ «እዚህ ለዓይን አያሳይም» ወይም «በረዶ ጣለብን» ትላለች። ያኔ የጫቷ ሴትዮ ለእማዬ ሚስድ ኮል ታደርጋለች፣ አንድ ከሆነ ዝናብ አለ፣ ሁለት ጊዜ ደጋግማ ካደረገች ተነሱ ነው። እማዬ ደግሞ ለሰፈሩ ሴቶች፣ እነሱ ደግሞ አሸዋው ላይ ዕቃ ዘርግተው ለሚሸጡት ልጆች። ማንም አላደራጀውም፣ ስብሰባ የለውም፣ ግን ከ1998 በኋላ እንደዚህ ሆኖ ቀረ። የኔ ምኞት ትንበያውን የሚያነቡልን ሰዎች ዞኑን ከዘረዘሩ በኋላ አንድ መስመር ቢጨምሩልን ነው፣ «ከእነዚህ ቦታዎች ግርጌ ያላችሁ፣ ድሬዳዋን ጨምሮ፣ ወንዝ ውስጥ አትቆዩ» ቢሉ። ዝናቡን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ወንዙ ወዴት እንደሚፈስም ያውቃሉ፣ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግሩን ያን ቀን ግሩፑ ላይ ተመስገን የሚል አይኖርም ነበር።

ባጃጅ የምትነዱ ወንድሞቼ እናንተን በተለይ እለምናችኋለሁ። ውሃው ሲመጣ መጀመሪያ ቀጭን ሆኖ ነው አሸዋው ላይ እየተሳበ የሚመጣው፣ ከፊቱ አረፋና ጭራሮ ይገፋል፣ ሰው ቆሞ ያየዋል፣ ልጆች ይስቃሉ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ይመስለኛል። «ቶሎ ብዬ ልሻገር» የሚባለው ያኔ ነው። የሚሮጥ ውሃ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ካለ ትልቅ ሰው ይጥላል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ ባጃጅ ከመኪና በጣም ይቀላል። ድልድይ አለ፣ ዙሩ። ከ98 በኋላ ዳር ዳሩን ግንብ ተሰርቷል፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜም ያዳነን እሱ ነው፣ ግን ግንቡ ውጪ ላለ ሰው ነው የተሰራው፣ አሸዋው ውስጥ ላለ ሰው ግንቡ መውጫ ነው የሚያሳጣው።

ደጋ ያላችሁ ደግሞ መብረቁን። በየክረምቱ ከዛፍ ስር የተጠለለ እረኛ ሞተ ሲባል እንሰማለን። ብልጭ ካለ በኋላ ቁጠሩ፣ ድምፁ ለአንድ ኪሎ ሜትር ሦስት ሰከንድ ያህል ነው የሚፈጅበት፣ ሠላሳ ሳትቆጥሩ ካጓራ አስር ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፣ ቤት ግቡ ወይም መኪና ውስጥ፣ ካለፈ በኋላም ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ስር በምንም አትቁሙ፣ በጉም ቢበሰብስ ይበስብስ።

ይሄን እየጻፍኩ እማዬ ጋ ደወልኩ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሩብ ነው። «ደንገጎስ?» አልኳት። «ዛሬ በጣም ነው» አለችኝ፣ «ከወዲያ እስከ ወዲህ ነው የሚያበራው፣ ድምፅ ግን የለም።» ጫት የምትሸጠው ሴትዮ ደውላ ነበር ወይ ስላት አንዴ አድርጋለች አለች። ወረቀቶቹ የት ናቸው አልኳት።

«ሚስማሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ። አንቺ ተኚ ልጄ፣ ነገ ሥራ አለሽ። ስልክሽን ግን ሳይለንት አታድርጊው።»